ከሻንጣ የከበደ ዕቃ

ጁባ ውስጥ ሙዚቃ የሚደመጠው ከጄኔሬተር ጋር ነው። ለዓመታት የኖርኩበትን ይህን እውነት ልብ ያልኩት አንድ ማታ የግቢያችን ጄኔሬተር ተበላሽቶ በቆመ ጊዜ ነበር። የጎረቤቶቻችን ሞተሮችም ምን እንደነካቸው እንጃ፣ በዚያች ሰዓት ጸጥ ብለዋል። በባትሪ በምትሠራው ትንሽ ስፒከሬ የዓለሙ አጋን በገና ከፈትኩና ጋደም አልኩ። ጥቂት ቆይቼ ግን ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ጣት አውታሩን ሲነካ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የገባው ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረው ንዝረትም አለ፤ ከሥር ሆኖ ሁሉን መሸከም የሚገባው ወፍራሙ ድምፅ ግን የለም። ለካስ እስከዚያ ቀን ድረስ የጎደለውን ሲሞላልኝ የኖረው ጄኔሬተሩ ነው!

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ምክንያት አለው። በየግቢው የሚቆሙት ትንንሽ የቤንዚን ጄኔሬተሮች 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ለመስጠት በደቂቃ 3,000 ዙር ያህል ይሽከረከራሉ። ባለ አንድ ሲሊንደሩ ሞተር ደግሞ በየሁለት ዙሩ አንዴ ስለሚተኩስ በሴኮንድ 25 ጊዜ ያጓራል ማለት ነው። ይህ ጉምጉምታ የሚያርፈው የሙዚቃ ወፍራም ድምፆች በሚኖሩበት ሰፈር ስለሆነ፣ ጆሮ የትኛው ከሞተሩ፣ የትኛው ከመሣሪያው እንደመጣ መለየት ይሳነዋል። የማይሰማውንም የሰማ ይመስለዋል።

ወደዚህች ከተማ የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር፤ የሰላም ስምምነቱ በጃንዋሪ 2005 ከተፈረመ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያን ዘመን በነጭ ዓባይ ዳርቻ የነበሩት ማደሪያዎች አብዛኞቹ ድንኳኖችና ከብረት ኮንቴይነር የተሠሩ ክፍሎች ነበሩ። እኛም ኢትዮጵያውያን በሆቴሉ፣ በምግብ ቤቱና በንግዱ ተሰማርተን፣ ቀን በሥራ ማታ በናፍቆት እንኖር ነበር። ያኔ አንድ የካሴት ማጫወቻና ሁለት ስፒከሮች ነበሩኝ። ዲሴምበር 2013 ጦርነቱ ሲፈነዳ በአንድ ሻንጣ ወጣሁ። ስመለስ ክፍሉ ባዶውን ጠበቀኝ። ጁላይ 2016 ከተማዋ ዳግመኛ በተኩስ ስትናጥ ደግሞ ሻንጣዋን አንጠልጥዬ እንደገና ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። በአንድ ሰው እጅ የማይነሣ ዕቃ አልገዛም አልኩ። አልጋዬ የሚታጠፍ፣ ወንበሬ የፕላስቲክ፣ ሙዚቃዬም በመዳፍ የምትያዝ ሆነች።

ይሁን እንጂ ዘመን ዘመንን ይሽራል። በ2019 መጨረሻ በናፍጣ የሚሠራ የከተማ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀምሮ የመስመር መብራት ወደየሰፈሩ መግባት ያዘ። በ2022 ባለቤቴና ልጆቼ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረን መኖር ጀመርን። ያ ጄኔሬተር የቆመበት ማታ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበር። ዋጋቸው ከበድ ያለ፣ ቁመታቸው እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ወለል ላይ የሚቆሙ ጥንድ ስፒከሮች እንደምገዛ በማግስቱ ተናገርኩ። ቤተሰቡ በአንድ በኩል ሙዚቃ፣ በሌላ በኩል ፊልምና ኳስ እንዲያይባቸው ነው ሐሳቤ።

ጋሼ የምላቸው አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አሉ። ከእኔ በፊት ካርቱም፣ ከዚያም ጁባ የኖሩ ሰው ናቸው። ሐሳቤን ሲሰሙ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝና፦

«አንተ ልጅ፣ ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ይህን ተሸክመህ ልትሮጥ ነው?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ትቼው ነው የምሮጠው።»

«እንግዲያው ለሌባ ነው የምትገዛው!»

ሁለታችንም ሳቅን። ነገር ግን ንግግራቸው ከውስጤ አልወጣም። በእውነት ትንሽና ቀላል ሆኖ ጥልቅ ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር ቢገኝ ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ። ፈልጌ ነበር። ያገኘሁት ግን የተፈጥሮን ሕግ ነው።

ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ስፒከር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው ማለት ይቻላል። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅልል ከወረቀት በተሠራ ሾጣጣ ክፍል ጋር አያይዘው አሠራሩን ያሳተሙት በዚያ ዓመት ነበር። በ1954 ደግሞ ኤድጋር ቪልቹር በታሸገ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ያለውን አየር እንደ ሞላ በመጠቀም ጥልቅ ድምፅ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ሆኖም ዋጋ አስከፈለው፤ ትንሹ ሣጥን ያንን ያህል ለማውጣት ብዙ የአምፕሊፋየር ኃይል ጠየቀ። የሥራ ባልደረቦቹ ከነበሩት አንዱ የሆነው አንቶን ሆፍማን በኋላ ጉዳዩን በቀመር አስቀመጠው። የሣጥን ትንሽነት፣ የድምፅ ጥልቀትና በጥቂት ኃይል ጮክ ብሎ መሰማት፣ ሦስቱ በአንድ ላይ አይገኙም። ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን ይተዋል።

ይህን ሕግ ወደ ጁባ አምጥተን እንየው። የስፒከር ትጋት የሚለካው በ1 ዋት ኃይል፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ድምፅ ያወጣል ተብሎ ነው። 86 ዴሲቤል የሚያወጣው ስፒከር 89 ከሚያወጣው ጋር እኩል ለመሰማት እጥፍ ኃይል ይሻል፤ ልዩነቱ 10 ዴሲቤል ከሆነ ደግሞ ዐሥር እጥፍ። ኃይል ማለት እዚህ ናፍጣ ነው፤ በሙቀት ወራት ወደ 40 ዲግሪ በሚጠጋ አየር ውስጥ የሚግል አምፕሊፋየርም ነው። ስለዚህ ኃይልን መቆጠብ ግዴታዬ፣ የበገናው ጥልቀትም ፍላጎቴ ከሆነ፣ መተው የሚቀረኝ ትንሽነትን ብቻ ነው። የናፈቀኝ ድምፅ የሚገኘው ከከባድ ሣጥን ነበር። ለራሴ ያወጣሁት ሕግና ጆሮዬ መታረቅ አልቻሉም።

ከባለቤቴ ጋር ለሌላ ጉዳይ ናይሮቢ በሄድን ጊዜ ወደ አንድ መደብር ጎራ አልን። አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ለመግዛት ያሰብክ እንደሆነ የራስህን ሙዚቃ ይዘህ ሂድ። ሻጩ የሚያሰማህ ለዕቃው የተመረጠውን ሙዚቃ ነው፤ አንተ የምታውቀው ግን የቤትህን ዜማ ነው። እኔ አራት ነገር ይዤ ነበር። ለጥልቀቱ በገናን፤ ለአመታቱ እ.ኤ.አ. በ1977 የተቀዳውን የዋሊያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት»ን፤ ለጥራቱ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ፤ ለሰው ድምፅ ደግሞ የጥላሁን ገሠሠን የድሮ ሞኖ ቅጂ።

ሻጩ መጀመሪያ ያሰማን ጥንድ አስደነቀኝ። ጸናጽሉ ያብለጨልጫል፤ ከበሮው ደረት ይመታል። ሁለተኛውን ሲከፍት የደበዘዘ መሰለኝ። ያኔ ባለቤቴ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ «የፊተኛው ጮክ ስላለ ነው እንጂ ስለተሻለ አይደለም» አለችኝ። ሁለቱን በእኩል ድምፅ እንዲያሰማን ስንጠይቀው ነገሩ ተገለበጠ። በፊተኛው የእማሆይ ፒያኖ ብርጭቆ የሚመታ ይመስላል፤ በኋለኛው ግን እንጨት፣ ሽቦና ጣት አለው። የሰው ጆሮ ጮክ ያለውን ሁሉ የተሻለ አድርጎ እንደሚቀበል፣ ቀጭኑ ድምፅ ያየለበት ስፒከር በመደብር ውስጥ አምስት ደቂቃ አስደስቶ በቤት ውስጥ አንድ ሰዓት እንደሚያሰለች ያን ዕለት ተማርኩ።

ከቀረቡልን መካከል ሁለት ዝንባሌዎች ነበሩ። እንደ አሜሪካው ክሊፕሽ ያሉት ቀጭኑን ድምፅ በቀንደ መለከት ቅርጽ ስለሚያወጡ በጥቂት ዋት ብዙ ይሰማሉ፤ ለፊልምም ጉልበታቸው ደስ ይላል። የእንግሊዙ ኬኢኤፍ ደግሞ ከ1988 ጀምሮ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል በመካከለኛው እምብርት ላይ ስለሚተክል፣ ድምፅ ሁሉ ከአንድ ነጥብ የሚመጣ ይመስላል። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ሰፊ አዳራሽ ያለውና ፊልም የሚያበዛ ወደ ፊተኛው ቢያዘነብል አልፈርድበትም። እኔን ወደ ሁለተኛው የሳበኝ የጥላሁን ድምፅ ነው። ሞኖ ቅጂ ከሁለት ስፒከሮች እኩል ስለሚወጣ፣ ጥንዱ በእርግጥ ተመሳሳይ ከሆነ፣ ዘፋኙ ከሁለቱ መካከል፣ ምንም ነገር በሌለበት ቦታ ቆሞ መሰማት አለበት። ድምፁ ከተበተነ ወይም ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ሳጥኖቹ ወይም አቀማመጣቸው ጉድለት አለበት። ይህን መፈተኛ ማንም ሰው ያለ መሣሪያ ሊጠቀምበት ይችላል።

የቤት ሲኒማውን ጉዳይ በተመለከተ ልጆቼ አምስት ስፒከርና አንድ የቤዝ ሣጥን ያለውን ሙሉ ጥቅል ፈልገው ነበር። በተመሳሳይ ዋጋ አምስት ደካማ ከመግዛት ሁለት ብርቱ መግዛት ይሻላል ብዬ ተከራከርኩ። በፊልም ውስጥ አብዛኛው ንግግር የሚመጣው ከመካከለኛው ስፒከር ስለሆነ፣ ከሁለቱ ጥንድ ጋር ተስማሚ የሆነውን ያንኑ ኩባንያ የሠራውን በኋላ መጨመር ይቻላል። ሦስት አራት ሰው ፊት ለፊት እስከተቀመጠ ድረስ ግን ጥሩ ጥንድ ንግግሩን መሃል ላይ ያቆመዋል። ከዳር የሚቀመጠው ልጅ ብቻ አልፎ አልፎ ያጉረመርማል።

እያንዳንዱ ሣጥን 27 ኪሎ ይመዝናል። ከናይሮቢ በካምፓላ በኩል ተጉዘው፣ ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለውን፣ በ2012 አስፋልት የለበሰውን 192 ኪሎ ሜትር መንገድ በጭነት መኪና ጨርሰው ደረሱ። ሁለት ሰው ሆነን አንድ በአንድ ስናስገባቸው ጋሼ በር ላይ ቆመው በዝምታ ይመለከቱ ነበር።

የመጀመሪያው ምሽት አሳፈረኝ። ስፒከሮቹን ከግድግዳ አስጠግቼ ሳቆማቸው ቤዙ ቤቱን ሞላው፤ ጥርት ያለው የመደብሩ ድምፅ የት እንደገባ ጠፋ። ሳሎኔ 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል ትይዩ ግድግዳዎች 34 እና 43 ኸርዝ አካባቢ ያሉትን ድምፆች እየተቀባበሉ ያጎላሉ፤ የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው አውታር ደግሞ 41 ኸርዝ ነው። በዋሊያስ ባንድ ቤዝ ውስጥ አንዳንዱ ኖታ ብቻ ተለይቶ የሚጮኸው ለዚህ ነበር። ከግድግዳው ሰባ ሴንቲ ሜትር ያህል ሳርቃቸው፣ ፊታቸውንም ወደ መቀመጫችን ትንሽ ሳዞር ነገሩ ረገበ። ባዶው የሴራሚክ ወለል ምንጣፍ፣ መስኮቱም ወፍራም መጋረጃ ተደረገለት። መጻሕፍቴም ለዓመታት ከኖሩበት ካርቶን ወጥተው በመደርደሪያ ቆሙ፤ ያልተስተካከለው ገጻቸው ድምፅን ይበትናል። ጋሼም ማረጋጊያ አምጥተው የመብራቱን ከፍ ዝቅ ማለት ገቱልኝ። ስፒከር ልመርጥ ብዬ ተነሥቼ ሳላስበው ቤት ስሠራ ተገኘሁ። ምንጣፍ፣ መጋረጃና መደርደሪያ ያለው ሰው ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው አይመስልም።

ማርች 2025 መጣ። ከላይኛው ናይል የተነሣው ግጭት ወሬ ከተማዋን አስጨነቃት፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሪክ ማቻር በቤታቸው ታገቱ፤ አንዳንድ ኤምባሲዎች ሠራተኞቻቸውን አስወጡ። ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ፓስፖርቶቹን፣ የልጆቹን የትምህርት ማስረጃና ጥቂት ገንዘብ አየሁ። ሁሉም በቦታው ነበር። ቀና ስል ሁለቱ ሣጥኖች ቆመዋል። የተጸጸትኩ እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ። አዎን፣ ትንሽ ተጸጽቼ ነበር፤ መዋሸት አልሻም። ሰው በአንድ ሻንጣ መኖር ሲለምድ የሚያጣው ነገር የለውም፤ በዚያ ፍርሃት ቀላል ነው። አሁን የሚያሳሳኝ ነገር ነበረኝ።

በዚያው ምሽት ጋሼ ብቻቸውን መዋል ከብዷቸው ወደ እኛ መጡ። ቡና ተፈላ። ማንም ዜና እንዲከፈት አልፈለገም። በመጨረሻ «እስቲ ጥላሁንን አሰማኝ፤ ቀስ አድርገህ፣ ውጪ እንዳይሰማ» አሉኝ። ከፈትኩላቸው። ካርቱም ሳሉ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸው ቋንቋውን ሳያውቁ ዜማውን ያዜሙት እንደነበር ነገሩን። የሁለቱ አገሮች ሙዚቃ በአምስት ድምፅ ቅኝት የሚዛመድ በመሆኑ ይህ አያስገርምም። ከዚያ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና ድንገት ተነሥተው ወደ ሁለቱ ሣጥኖች መካከል ሄዱ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን በባዶው ቦታ ላይ አንቀሳቀሱ።

«ልጄ፣ መሃል ያለው የታለ?» አሉ።

«የለም ጋሼ። ሁለት ብቻ ናቸው።»

አላመኑኝም። መጋረጃውን ገልጠው አዩ። ተመልሰው ተቀመጡና ዘፈኑ እስኪያልቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲያልቅም ድገመው አሉኝ።

ሻንጣዋ ዛሬም ከአልጋው ሥር ናት፤ አላራገፍኳትም። ስፒከሮቹም ከግድግዳው ሰባ ሴንቲ ሜትር ርቀው እንደቆሙ ናቸው። ለመግዛት ያሰበ አንባቢ ቢጠይቀኝ የምመክረው ጥቂት ነው። የክፍልህን ስፋት ለካ፤ የመብራትህን ነገር አስብ፤ የምታውቀውን ሙዚቃ በእኩል ድምፅ አወዳድር፤ አብሮህ የሚኖረውን ሰው ጆሮ ከራስህ አስቀድመህ እመን። ከዚያም ዕቃውን ለማንሣት ሁለት ሰው የሚያስፈልግ ከሆነ ሁለተኛው ሰው ማን እንደሆነ አስብ። እኔን በአንድ ወገን ባለቤቴ፣ በሌላ ወገን ጋሼ ረድተውኛል።