«ግሎባል» ብሎ መገላገል

ተማሪው ሁለተኛ ዓመት ነው። ለአክስቱ ሱቅ የለስላሳ ሳጥን የሚቆጥር ፕሮግራም በፓይተን ጀመረ። ከላይ «ቀሪ» ብሎ 100 ሰጠው። ከሥሩ ፈንክሽን ሠርቶ ቀሪን እንዲያሳይ አዘዘው። 100 አለ። ቀጥሎ፣ እዚያው ፈንክሽን ውስጥ፣ ከቀሪ ላይ 1 የሚቀንስ መስመር ጨመረ። ስህተት! ይባስ ብሎ ፓይተን የጠቆመው አዲሱን መስመር ሳይሆን ቅድም ደህና ይሠራ የነበረውን የማሳያ መስመር ነው። «ኮምፒውተሩ አበደ» ቢል አይፈረድበትም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፓይተን ፈንክሽኑን ከማስኬዱ በፊት ሙሉውን ያየዋል። የትም መስመር ላይ ይሁን፣ ውስጡ ለአንድ ስም ዋጋ ከተሰጠ ያ ስም ከፈንክሽኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ሎካል ይሆናል። ማንበብ ብቻ ቢሆን የውጪውን ያነብ ነበር። አሁን ግን ፈንክሽኑ የራሱ «ቀሪ» አለው፤ አሳይ ሲባል ደግሞ ገና ምንም አልተሰጠውም።

ኢንተርኔት ላይ ፈጣኑን መልስ አገኘ፤ ፈንክሽኑ መግቢያ ላይ «ግሎባል ቀሪ» ብሎ መጻፍ። ሠራለት። ጉዱም የመጣው ስለሠራ ነው። ከሳምንት በኋላ የተመለሱ ባዶ ሳጥኖችን የሚቆጥር ሌላ ፈንክሽን ሲጽፍ ከፊተኛው ኮፒ አደረገ፤ ያቺ መስመርም ስሙም አብረው መጡ። ባዶው ሁሉ ሙሉ ተብሎ ተደመረ። ወር ሲዘጋ ፕሮግራሙ 31 አለ፣ ሱቁ ውስጥ የተገኘው 24። አክስቱ ሻጩን ጠርታ «ሰባቱ ሳጥን የት ገባ?» አለችው።

የጀማሪ ስህተት ነው የሚል አይጠፋም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ቶዮታ አንዲት ሴት በሞተችበት የካምሪ አደጋ ተከሶ ነበር። የከሳሾች ባለሙያዎች የሞተሩን ጉልበት በሚቆጣጠረው ሶፍትዌር ውስጥ ከ10,000 በላይ ግሎባል ቫሪያብል እንዳለ መሰከሩ። ናሳ ቀደም ብሎ መርምሮ ጥፋቱ የኤሌክትሮኒክሱ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም፤ ጁሪው ግን በቶዮታ ላይ ፈረደ። እነዚያን የጻፉት ጀማሪዎች አልነበሩም።

ተማሪው ስህተቱን ለማግኘት ሁለት ሌሊት ፈጀ። ግሎባሏን አጠፋት። ፈንክሽኑ ቀሪን በቅንፍ ተቀብሎ አዲሱን በሪተርን እንዲመልስ አደረገ፤ ለባዶው ሳጥን የራሱን ስም ሰጠው። ሒሳቡ 24 ላይ ገጠመ። በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቅ ሱቅ ሄደ። ሻጩ ከትናንት ወዲያ ለቅቆ ሄዷል።