የሽማግሎች መንገድ

ክረምት አልፎ ወርኃ ጽጌ ሲገባ፥ የደምቢያም ጥቁር መሬት ጭቃው ሲጠና፥ በቆላ ድባ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህርና ባለቤታቸው ቤታቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ይነሡ ነበር። በአሜሪካ አገር፥ ቤታቸውን ሸጠው አልጋና ምድጃ ባለው መኪና እየኖሩ፥ ብርዱን ሸሽተው ካንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩ ጡረተኞች አሉ። ለእነዚህ ግን የመንገድ ቤታቸው የልጆቻቸው ቤት ነበር፤ አስቀድሞ ጎንደር፥ ከዚያም ጣናን በምሥራቅ ዞረው፥ የፎገራን ሩዝ እያዩ፥ ባሕር ዳር።

በየቤቱ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቀመጡም፤ መምህሩ «እንግዳ ሳይጠገብ መሄድ አለበት» ይሉ ነበርና። እናቲቱ ግን ሲወጡ አንድ ነጠላ ሆን ብለው ይረሳሉ፤ ለመመለስ ምክንያት እንዲሆናቸው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ውጊያ ከተነሣ በኋላ፥ መንገዱ አንድ ጊዜ ሲከፈት አንድ ጊዜ ሲዘጋ፥ ለጉዞው ቀን መቁረጥ አልተቻለም። ልጆቹም «ጠቅልላችሁ ከእኛ ዘንድ ኑልን» ብለው ለመኑ። መምህሩ እሺ ሊሉ አሰቡ። እናቲቱ ግን «እኛ ከወጣን እነርሱ ወዴት ይመጣሉ? ጭስ የማይወጣበት ቤት ለማን ቤት ይሆናል?» ብለው መለሱ።

ነገሩ እውነት ነው፤ መመለሻ ያለው ሰው ቢሄድ መንገደኛ ይባላል፥ መመለሻ የሌለው ግን ስደተኛ ነው። ስለዚህ ሽሮውና በርበሬው እንደ ተቋጠረ፥ ምድጃውም በየማለዳው እየነደደ፥ ሁለቱ ሽማግሎች የመንገዱን ወሬ ይጠይቃሉ። በባሕር ዳርም የተረሳው ነጠላ ታጥቦ ተቀምጧል።