የኋላ መቀመጫ

ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ 14 ዓመት አልፎኛል። ከሥራው ሁሉ የሚያበግነኝ የተሳፋሪ ጥርጣሬ ነው። ከኋላ ተቀምጦ፣ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ፣ "በዚህ በኩል ለምን?" የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ በመስታወት አየዋለሁ እንጂ አልመልስለትም። ሌባ አደረገኝ እያልኩ ሲከነክነኝ ይውላል። ያ ሰው እኔም መሆን እንደምችል ያወቅሁት ጃማይካ ላይ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ከባለቤቴ ጋር ከማያሚ በሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ተሳፍረን፣ በጉዟችን መሀል ፋልማዝ ደረስን። ፋልማዝ በስኳር ንግድ ዘመን የበለጸገች፣ በሰሜን ጃማይካ ያለች የወደብ ከተማ ናት። መርከቡ ያዘጋጀው ጉብኝት ዋጋው ስለከበደን፣ ወደብ በር ላይ ቀይ ታርጋ ያለው ታክሲ ተኮናተርንና የቦብ ማርሌይ የትውልድ መንደር ወደሆነችው ናይን ማይል ልንሄድ ተነሳን። እዚያ አገር መሪው በቀኝ በኩል መሆኑን ረስቼ የሾፌሩን በር ከፈትኩ። ሾፌሩ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ነው። ሳቀና፣ "ልትነዳልኝ ነው? ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ቢሮ ነው የምሠራው" አልኩት።

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ለአንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው እየነዳልኝ ጌታ መሆን አምሮኝ ነበር።

ኢትዮጵያውያን መሆናችንን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ አባቱ ከተቀባዩ ሕዝብ መሀል እንደነበሩ አጫወተን። በወሬው መሀል፣ "የመርከባችሁን ሰዓት እንዳትስቱ" ብሎኝ ነበር። ሰማሁት፤ ግን ልብ አላልኩትም።

ናይን ማይል ኮረብታ ላይ ናት። ቦብ ማርሌይ ከመሞቱ በፊት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል፤ ግንቦት 13 ቀን 1973 ዓ.ም. የቀብሩን ጸሎት የመሩትም አቡነ ይስሐቅ ነበሩ። ባለቤቴ መቃብሩ አጠገብ ሻርፗን ተከናንባ አቡነ ዘበሰማያት ደገመች። ከዚያ ወዲያ መነሳት አቃተን።

7 ሰዓት ላይ ሾፌሩ "እንሂድ" አለ። እንድንመለስ የተነገረን 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ መንገዱ ደግሞ ቢበዛ ሰዓት ተኩል። "ገና ነው" አልኩት።

"የመርከቡ ሰዓት ይቀድማል" አለኝ።

ለባለቤቴ በአማርኛ፣ "ሌላ ተሳፋሪ ሊጭን ፈልጎ ነው። ይህቺን ዘዴ ለእኔ!" አልኳት። ጭራሽ በመልሱ ጉዞ ብራውንስ ታውን ላይ አስቁሜው ጀርክ ዶሮ አዘዝኩ። እሱ አልበላም። ደጅ ቆሞ ቁልፉን ያንቀጫቅጭ ነበር።

ባለቤቴ የእጅ ሰዓቷን ያየችው ያኔ ነው። 9 ሰዓት ተኩል ይላል። የእኔ ስልክ 8 ተኩል።

ነገሩ ቀላል ነበር። ማያሚ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰዓቷን በአንድ ታስቀድማለች፤ ጃማይካ ግን ዓመቱን ሙሉ አትነካውም። መርከባችን የማያሚን ሰዓት እንደያዘ ነው፤ ስልኬ ግን የደሴቷን ኔትወርክ ሲያገኝ ራሱን ወደ ኋላ መልሷል። የሚገርመው፣ ሁለት ሰዓት ይዤ የኖርኩ ሰው መሆኔ ነው። በዚያው ወራት አዲስ አበባ እናቴ ጋ ስደውል የዋሽንግተኑ ሰዓት ላይ አንድ እጨምራለሁ፤ እዚህ ከቀትር በኋላ 3 ሲል እዚያ በሐበሻ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ነው። ያቺኑ አንዲት ሰዓት ሌላ ሰው ሲነግረኝ ግን ማታለያ መሰለችኝ።

መርከቡ በራሱ ጉብኝት የወጡትን ይጠብቃል፤ በግላቸው የወጡትን ግን ጥሎ ይሄዳል። የቀረ ሰው እስከሚቀጥለው ወደብ በራሱ ወጪ ነው የሚከተለው። ሾፌሩ "ነግሬህ ነበር" እንኳ ሳይለኝ ሞተሩን አስነሳ። ጥቂት እንደሄድን ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ አንድ ጠባብ የጎን መንገድ ታጠፈ።

"በዚህ በኩል ለምን?" ልለው አፌን ከፈትኩ።

በመስታወቱ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው። አፌን ዘጋሁ።

ወደቡ ስንደርስ አራት ደቂቃ ቀርቶን ነበር። ከተስማማነው በላይ ገንዘብ እጁ ላይ አስጨብጬው "እኔም እኮ..." ብዬ ጀመርኩ። ባለቤቴ እጄን እየጎተተች ነበር፤ ሮጥን።

አሁን ዋሽንግተን ላይ "በዚህ በኩል ለምን?" የሚለኝ ሲመጣ፣ የቱ መንገድ እንደተዘጋና የትኛው እንደሚያዋጣ እነግረዋለሁ። አገሩን የማያውቅ ሰው ፍርሃቱን በጥርጣሬ እንደሚያወጣው ከራሴ አይቻለሁና። የፋልማዙ ሾፌር ግን እስከ ዛሬ የሚያውቀኝ በቢሮ ሠራተኛነቴ ነው።