የሞተር ጀልባ ዘይት ሲያፈስ ምንጩን ስለ መፈለግ

በቤተሰብ ገጽ ላይ ስለ ሞተርና ስለ ዘይት መጻፋችን የሚያስደንቀው አንባቢ ሳይኖር አይቀርም። ዳሩ ግን በጣና ዳር ለሚኖር ቤተሰብ የሞተር ጀልባ ማለት ለገበሬ በሬ እንደ ማለት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ከሚሻገረው መንገደኛ የሚገኘው ገንዘብ እህልም ደብተርም ይሆናል። እንዲህ ያለው ጀልባ ዘይት ማፍሰስ የዠመረ ቀን ጭንቀቱ በወደቡ ላይ አይቀርም፤ ማታውን ከማዕድ ቀርቦ ይቀመጣል።

እኛ በሙያችን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነን እንጂ መካኒክ አይደለንም። ነገር ግን ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ የመብራቱን ሞተር የሚጠብቁ አንድ መምህር ነበሩ፤ ተማሪዎቹንም በየተራ እየወሰዱ ያሠሩን ነበር። ንጹሕ እራፊ ጨርቅ ሳይዝ ወደ ሞተሩ የቀረበ ተማሪ ወዲያው ይባረር ነበር። በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር የባለቤታችን ታላቅ ወንድም ስለ ጀልባቸው ምክር ፈልገው ባስጠሩን ጊዜ፥ ይዘን የሄድነው ያንኑ ጨርቅና ያንኑ ትምህርት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጀልባው በአንድ ምልልስ አንድ ሊትር ያኽል ዘይት ይጐድለዋል። አንድ መካኒክ መጥቶ ከሞተሩ በስተኋላ የተጠራቀመውን ዘይት አየና፦ «የኋላው ፓራኦሊዮ አልቋል፤ ሞተሩ ይውጣ፤ ከወጣም አይቀር ሁለመናው ይታደስ» አለ። አማቻችንም ለዚህ ወጪ ከእናታቸው የወረሱትን ሁለት ክፍል ቤት ለመሸጥ ገዢ ማፈላለግ ይዘው ነበር። ከዚህም በቀር፥ ዘይት አብዝቶ በመጨመር አበላሽቶታል ተብሎ ረዳቱ ልጅ ከሥራው ተሰናብቷል። ልጁ አባት የለውም፤ እናቱንም የሚጦረው እርሱ ነበር።

መካኒኩ ዘይቱን በስተኋላ ማግኘቱ እውነት ነው። ዳሩ ግን በጀልባ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ሞተር እንደ መኪና ሞተር አግድም አይተኛም፤ የአብዛኛው ዘንግ ወደ ውሃው እንዲወርድ ጀርባው ዘቅዘቅ ይላል። ስለዚህ ዘይቱ ከላይም ይፍሰስ ከፊትም፥ ዞሮ ዞሮ የሚንጠባጠበው በስተኋላ ነው። የተሰረቀ ዕቃ በቤቱ የተገኘ ሁሉ ሌባ እንዳልሆነ በፍርድ ቤት ያየን ሰዎች ይህን ለመረዳት አልተቸገርንም።

አስቀድመን ጀልባው በጸጥታ እንደ ቆመ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አወጣን። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነበር እንጂ ከላይኛው አላለፈም። ይህንንም አማቻችን በገዛ ዐይናቸው እንዲያዩ አደረግን፤ ስለ ልጁ የተባለው ነገር ከዚያች ሰዓት ዠምሮ መድከም ያዘ። ቀጥሎ መልኩን ተመለከትን። ዘይት ወተት እንደ ገባበት ቡና ነጣ ብሎ ቢገኝ፥ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ የቴስታው ጓርኒሲዮን ወይም የዘይት ማቀዝቀዣው ይጠረጠራል። መጠኑ እየጨመረ ናፍጣ ናፍጣ ቢሸት ደግሞ ናፍጣ እየገባበት ነው። ይህ በጣና ላይ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ያስቸገረው እምቦጭ የማቀዝቀዣውን ውሃ መሳቢያ ሲደፍነው ሞተሩ ይግላል፤ የጋለ ሞተርም ጓርኒሲዮኑን ያቃጥላል። የእኛው ዘይት ግን ጥቁር ብቻ ነበር።

ጭሱንም አየን። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ይናገራል። ጥቁር ጭስ ግን ናፍጣው በቂ አየር አለማግኘቱን ነው፤ ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ያኽል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፥ ሞተሩም በጭነት ጊዜ ጥቂት ቢጠቍር አያስፈራም። የጭስ መውጫው በሚተፋው ውሃ ላይም ቀስተ ደመና የሚመስል የዘይት ቅባት አልታየም። እንግዲያስ ዘይቱ ሳይቃጠልና ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ጀልባው ሆድ ይፈስሳል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች በሳሙናና በጨርቅ አጠብነው፤ ግማሽ ቀን ፈጀብን። አድርቀንም ከሥሩ ነጭ ወረቀት አነጠፍን። ሳይታጠብ ምንጭ የሚፈልግ ሰው የትናንቱንና የዛሬውን ዘይት ሊለይ አይችልም። ሞተሩ ዝም ብሎ ሲሠራ ወረቀቱ ንጹሕ ነበር። ጀልባው በገመድ እንደ ታሰረ ማርሽ ገብቶ ጭነት ሲሰማው ግን፥ በባትሪ ብርሃን ከላይኛው ሽፋን ጠርዝ አንዲት ቀጭን መስመር ስትወርድ አየን፤ ወዲያውም በስተኋላ ማንጠባጠብ ተዠመረ። ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ! ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ቢታመሙ፥ ሰው የጠጡትን ውሃ መጠየቁ አይቀርም።

ሞተሩን ወደ ዝግታ መልሰን የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ብናላላው በኀይል ተነፈሰ። በፒስቶኖቹ ፋሻ በኩል ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ ወደ ታች ማምለጡ በማናቸውም ሞተር ያለ ነው፤ የሚወጣበትም መተንፈሻ ቱቦ አለው። ቱቦውን ፈትተን ብንመለከት እንደ ሬንጅ በጠጠረ ጥላሸት ተደፍኗል። መውጫ ያጣው ጋዝ ዘይቱን በደካማው ስፍራ ሁሉ እየገፋ ያስወጣው ነበር። አዲስ ፓራኦሊዮ ቢገባ ኖሮ እርሱንም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባስነባው ነበር። ቱቦው በናፍጣ ታጠበ፥ ደረቀ፥ ተመለሰ። ዳግመኛ በጭነት ብንፈትነው በወረቀቱ ላይ የታዩት ሦስት ጠብታዎች ብቻ ናቸው።

ይህን ሥራ የሚሞክር ሰው ነጠላውንና እጅጌውን ከሚዞረው ቀበቶ ያርቅ። ጀልባው በቤንዚን የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ክዳኑን ሁሉ ከፍቶ፥ አየር አስገብቶና አሽትቶ ብቻ ያስነሣ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ሆድ ተኝቶ አንዲት ብልጭታ ይጠብቃልና። ዘይት የነካውን ውሃ ወደ ሐይቁ መድፋትንም አጥብቀን እንነቅፋለን። ሴቶች እንስራቸውን የሚሞሉት፥ ዓሣ አጥማጆችም በታንኳ የሚውሉት በዚያው ዳርቻ ነው። እኛ በጨርቅ እየነከርን በቆርቆሮ አጠራቀምነው።

በማግስቱ አማቻችን ወደ ልጁ እናት ቤት በእግራቸው ሄዱ። ሴትዮዋ ወንበር ቢያቀርቡላቸውም ሳይቀመጡ፦ «በልጅዎ ላይ ያለ አግባብ ተናግሬያለሁ፤ ቍልፉን ይዤለት መጥቻለሁ» አሉ። ልጁም፦ «ጋሼ፥ ዘይቱን በየቀኑ ስለካ ይዩኝ» ብሎ ብቻ መለሰ። ከዚያ ወዲህ ልኩን በደብተር ላይ ይጽፋል፤ መተንፈሻውንም ዘይት በተለወጠ ቍጥር ያጥባል። ፓራኦሊዮው በዚያው ዓመት ክረምት ጀልባው ለቀለም ወደ የብስ በወጣ ጊዜ በርጋታ ተለወጠ። ቤቱም አልተሸጠም።