አባዬን ያወጣችው ፊደል

አሶሳ ያደገ ሰው መብራት ሲጠፋ አይደነግጥም። ሻማ ይለኩሳል፣ ወሬውን ይቀጥላል። አንድ ማታ ግን መብራቱ ጠፍቶ ሲመለስ የኔ ኮምፒውተር አብሮ አልተመለሰም። በነጋታው ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ሃርድ ዲስኩን አየ፣ እኔንም አየኝና «ነፍስ ይማር» አለ።

ሳቀ መሰላችሁ? አልሳቅሁም። ውስጡ አባዬ ነበር።

አባዬ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ የደርግ መንግሥት ከወሎ አንስቶ ወደ አሶሳ ካመጣቸው ሰፋሪዎች አንዱ ነው። ከስም ይልቅ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ጎጆ ቀለሰ፣ እኛን ወለደ። ከማረፉ በፊት ማታ ማታ ሕይወቱን ሲያወራኝ በስልኬ ቀዳሁት። ከሞተ በኋላ እየሰማሁ በኮምፒውተር ጻፍኩት፤ 61 ገጽ ወጣው። ጽፌ እንደጨረስኩ ስልኩ ባጃጅ ውስጥ ቀረ። እንግዲህ የአባዬ ድምፅ ሄዶ የቀረችኝ ያቺ ጽሑፍ ብቻ ነበረች።

ተስፋዬ አንዲት ፍላሽ ናት። ኮምፒውተሬ ላይ ኡቡንቱ የጫነልኝ ጓደኛዬ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ አንድ መስመር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር። «ፍላሿን ሰክተህ ይቺን እንዳለች ጻፍና ኢንተር በል፤ ፋይሎችህ ባክአፕ ይሆናሉ» አለኝ። መስመሯ «ታር» ብላ ትጀምራለች፤ ከዚያ ሰረዝ፣ ሲ እና ኤፍ የሚባሉት የፈረንጅ ፊደላት፣ ከዚያ የጥቅሉ ስም፣ መጨረሻ ላይ የፎልደሬ ስም። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም። እንደ ድግምት እየደገምኩ ኖርኩ።

የአጎቴን ልጅ ላፕቶፕ ተዋስኩ፤ እሱም ላይ ኡቡንቱ አለ። ፍላሿን ሰካሁና ወረቀቷን አወጣሁ። ያስገባ ትእዛዝ ያወጣል ብዬ ሁሉንም እንዳለ ጻፍኩ፤ መጨረሻ ላይ ብቻ በፎልደሩ ፈንታ የአባዬን ፋይል ስም አስገባሁ። ኢንተር ከማለቴ በፊት ለጉራ ያህል ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ።

«የጻፍከውን አንብብልኝ።»

«ታር፣ ሰረዝ፣ ሲ፣ ኤፍ...»

«እጅህን አንሳ!»

አነሳሁ። እሱም ከስንት ጊዜ በኋላ የድግምቱን ትርጉም ነገረኝ። «ታር» እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር የመጣ ፕሮግራም ነው፤ ስሙም የቴፕ ማህደር ከሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የተቆረጠ ነው። ሥራው ብዙ ፋይሎችን በአንድ ጥቅል ማሰር ነው። ሲ ማለት «አዲስ ጥቅል ፍጠር» ነው። ኤክስ «ከጥቅሉ አውጣ» ነው። ቲ «ውስጡ ያለውን ዘርዝርልኝ» ነው። ኤፍ ደግሞ «ከኔ ቀጥሎ ያለው የጥቅሉ ስም ነው» ትላለች። ስለዚህ ኤፍ መጨረሻ ትቀመጣለች፤ ኤክስን ከኋላዋ ብታስቀምጡ ኤክስን የጥቅሉ ስም አድርጋ ትወስዳለች።

እኔ የጻፍኩት ምን ያደርግ ነበር? መጀመሪያ ጥቅሉን ባዶ ያደርገዋል፤ አዲስ ፍጠር ብያለኋ! ከዚያ የአባዬን ፋይል ላፕቶፑ ላይ ፈልጎ «የለም» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ በዚያች ሰዓት የትም የለም። «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ እንኳ አይጠይቅም። የሚገርመው፣ የፋይል ስም ጭራሽ ባልጽፍ ኖሮ እምቢ ይል ነበር። ኡቡንቱ ላይ ያለው ታር እንዲያ ሲሆን «ባዶ ጥቅል ለመፍጠር ፈርቼ እምቢ ብያለሁ» የሚል መልእክት ያወጣል። ፈሪ ለእናቱ ማለት ይሄኔ ነው።

«መጀመሪያ በቲ እይ» አለኝ። ቲ ምንም አትነካም። ሲን በቲ ቀይሬ የፋይሉን ስም አጠፋሁና ኢንተር አልኩ። የመጣው ቁጥር ብቻ ነው፤ 341፣ 213፣ 250፣ እንደገና 341... ልቤ ቀጥ አለች። ለካ ምንም አልጠፋም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ገብቷል፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል። ላፕቶፑ የቋንቋ ሴቲንጉ ሲ በሚባለው ላይ ስለነበር (አሁንም ሲ!) ታር ፊደላችንን በቁጥር ያወጣዋል። ሀ ማለት 341፣ 210፣ 200 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች «የ» ነበሩ፤ «የአባዬ» የሚለው መነሻ። ጓደኛዬ «ኮቲንግ-ስታይል» የሚባለውን አማራጭ «ሊተራል» አድርግ አለኝ፤ ስሞቹ በአማርኛ ተዘረዘሩ።

አሁን ኤክስ። የአባዬን ፋይል ስም ጻፍኩ፣ «በጥቅሉ ውስጥ አልተገኘም» አለኝ። ዝርዝሩ ላይ ግን አለ! እያየሁት!

አባዬ የቄስ ትምህርት የቀመሰ ሰው ነው። በጸሎቱ ጸ እና በፀሐዩ ፀ ሲቆጣኝ ነው ያደግኩት። ስለዚህ እሱን አስቤ «የአባዬ_ጽሑፍ» ብዬ በሥርዓቱ ጻፍኩ። ያኔ ፋይሉን ስፈጥር ግን በግዴለሽነት «የአባዬ_ፅሁፍ» ብዬው ኖሯል። ለኛ ሁለቱም አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ጸ እና ፀ፣ ሐ እና ሀ እንደ እኔና እናንተ የተለያዩ ናቸው። እሱ ትክክለኛውን አይፈልግም፣ የጻፋችሁትን ነው የሚፈልገው። ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ኮፒ አድርጌ ለጠፍኩ።

ከመልቀቄ በፊት ጓደኛዬ አንድ ነገር ጨመረ፤ «ባዶ ፎልደር ውስጥ አውጣው።» ኤክስ በቦታው ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካገኘ ሳይጠይቅ በአሮጌው ይተካዋል። ኬ የምትባለውን ፊደል ከጨመራችሁ ግን ያለውን አይነካም።

ኢንተር አልኩ። ወጣ።

ሁሉም ግን አልወጣም። 54 ገጽ ነው። የመጨረሻዎቹን ሰባት ገጾች ከጻፍኩ በኋላ ባክአፕ አላደረግኩም ነበር። አሶሳ የደረሱበትን የመጀመሪያውን ክረምት የሚያወሩት እነሱ ነበሩ። ያላስገባችሁትን የትኛዋም ፊደል አታወጣላችሁም።

እናቴ ጋ ሄድኩ። «ያንን ክረምት ንገሪኝ» አልኳት። «አባትህ ምን ብሎህ ነበር?» አለችኝ። ያስታወስኩትን ነገርኳት። ሳቀች። «እንዲያስ አልነበረም» ብላ ጀመረች። አባዬ በቁሙ ቢሰማ የሚከራከርበት ብዙ ነገር አለ። እኔ ግን ሁሉንም ጻፍኩ።

የዚያን ማታ አዲስ ባክአፕ ሠራሁ። የጥቅሉን ስም ከነቀኑ ሰጠሁት፤ አለበለዚያ ሲ የድሮውን ትበላዋለች። ኢንተር ከማለቴ በፊት መስመሩን ፊደል በፊደል ጮክ ብዬ አነበብኩ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ምን እየደገምክ ነው?» አለችኝ።

«ምንም እማዬ፤ ዛሬ ገና ገብቶኝ ነው።»