ልብስን የመተኮስ ዋጋ

በአማርኛ ቋንቋ «ተኮሰ» የሚለው ግሥ ለሦስት ሥራ ይነገራል። ወታደር ጠመንጃውን ይተኩሳል፤ ባላገር የታመመች ላሙን በጋለ ብረት ይተኩሳል፤ የቤት እመቤትም ልብስ ትተኩሳለች። ሦስቱን በአንድ ቃል ያሰባሰባቸው እሳት ነው። ካውያ የሚለውም ስም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፥ በዚያም ቋንቋ ሥሩ ልብስ መተኮስንም ቁስል መተኮስንም ያመለክታል። እንግዲህ ይህ ሥራ እሳት ያለበት መሆኑን ቃሉ ራሱ አስቀድሞ ይናገራል፤ እሳት ባለበት ቤትም ሁሉ የሚሞቀው ማን ነው፥ የሚቃጠለውስ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በባሕር ዳር ከተማ የሚኖር አንድ መምህር ግን ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ብዙ ዘመን ኖረ። ይህ ሰው በልጅነቱ ዳዊት ደግሞ ድቁና የተቀበለ፥ ኋላም በመንግሥት ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ የሆነ ነው። ሸሚዙ ዘወትር ጭምድድ የማይገኝበት፥ የሱሪውም እጥፋት በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ነበረ። ተማሪዎቹ በዚህ ያውቁታል፤ እርሱም ይህን ማወቃቸውን ያውቅ ነበር።

ልማዱን የወረሰው ከእናቱ ነው። እናቱ ሞፈርና ቀንበር የማይገባባት፥ በቡና ደን የተሸፈነችው የዘጌ ተወላጅ ነበሩ። ኢጣልያ ለኢትዮጵያ ከከፈለችው የጦር ካሣ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ከተቋቋመ በኋላ፥ ሥራ ፈልገው ጣናን በታንኳ ተሻግረው ወደ ከተማ መጡና በፈታዮች ክፍል ተቀጠሩ። በመንደራቸው ጥጥ በእንዝርት የፈተሉ እጆች አሁን የመኪና ክር የሚቀጥሉ ሆኑ። በ1964 የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራውን ጀምሮ ለፋብሪካውና ለከተማይቱ ብርሃን ቢሰጥም፥ የእናቲቱ የኪራይ ቤት ግን ገና ብዙ ዓመት በኩራዝ ነበረ። ስለዚህ ከደመወዛቸው ጥቂት በጥቂት አጠራቅመው ክዳኑ በዶሮ ምስል የሚቆለፍ የከሰል ካውያ ገዙ።

ልጁ የሚያስታውሰው እናቱ ሁልጊዜ ደጅ ቆመው ሲተኩሱ ነው። ከሰሉን አቀጣጥለው፥ አመዱን አራግፈው፥ በረጠበ ጣት የብረቱን ግለት ፈትነው፥ በጣሪያው ጥላ ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ ይሠራሉ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ቢበርዳቸውም ወደ ቤት አይገቡም። ልጁ አንድ ቀን፥ «እማዬ፥ ለምን ገብተው አይተኩሱም?» ብሎ ቢጠይቃቸው፥ «ካውያ ነፋስ ይወዳል፥ ልጄ» ብለው መለሱለት። ነፋስ የሚያስፈልገው ከሰሉ እንዳይጠፋ መሰለውና ሌላ አልጠየቀም።

ልብስ መተኮስ ጥቅም የለውም የሚሉ ሰዎች አይታጡም። ጨርቅ ገላን ሊሸፍን እንጂ ሊያንጸባርቅ አልተሠራም፤ ተተኩሶ ቢለበስም በቀትር ጊዜ ዳግመኛ ይጨማደዳል፤ ድካሙ በውኃ ላይ እንደ መጻፍ ነው ይላሉ። መምህሩም ለእነዚህ የሚመልሰው ነገር ነበረው። መጀመሪያ የሚያነሣው ጤናን ነው። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ የተባለው ትኩሳት በኢትዮጵያ ደጋ አገር የታወቀ በሽታ ነው፤ የልብስ ቅማልም እንቁላሏን የምትጥለው በስፌት ውስጥ ነው። ቅማልና ቅጫም ከ54 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሞታሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በምሽግ የነበሩ ወታደሮች የልብሳቸውን ስፌት በሻማ ነበልባል ይለበልቡ የነበረው ስለዚህ ነው። በስፌት ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ የጋለ ካውያ ይህንኑ ሥራ ጨርቁን ሳያቃጥል ይፈጽማል።

ሁለተኛ የሚያነሣው ክብርን ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ፥ ቤተ ክርስቲያን እድፈትም መጨማደድም የማይገኝባት ትሆን ዘንድ እንደሚገባ ተናግሯል፤ ሁለቱን ነውሮች ጎን ለጎን ማቆሙ ያለ ምክንያት አይደለም እያለ መምህሩ ይከራከር ነበር። ወደ እግዚአብሔር ቤት፥ ወደ ለቅሶ ቤት፥ ወደ ልጆችም ፊት ተጨማዶ መሄድ ንቀት ነው ይል ነበር። ይህም ንግግሩ ሐሰት አልነበረበትም። ነገር ግን ሸሚዙን የሚተኩስለት ሌላ ሰው ነበረ።

እናቱ ካረፉ በኋላ ታላቅ እኅቱ ልጇን ትማር ዘንድ ከዘጌ ላከችለት። ልጅቱ በመጣች ጊዜ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። በቤቱ የኤሌክትሪክ ካውያ ገብቶ ነበርና ረቡዕና ቅዳሜ ማታ የአጎቷን ልብስ መተኮስ የእርሷ ሥራ ሆነ። ማንም በግድ አላዘዛትም፤ እንዲሁ ልማድ ሆኖ ቀረ። በሦስተኛው ዓመት በሒሳብ ትምህርት ወደ ኋላ ስትቀር አጎቷ፥ «የሒሳብ አስተማሪ ቤት ተቀምጠሽ ሒሳብ እንዴት ያቅትሻል?» ብሎ ይቆጣት ነበር። ልጅቱም አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች።

በዚያው ዓመት በከተራ ምሽት፥ ጥር 10 ቀን፥ መምህሩ ታቦት ለመሸኘት ወጥቶ ሳለ በሰፈሩ መብራት ጠፋ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላልና በነጋታው የሚለበሰው ልብስ ሳይተኮስ ሊያድር አይችልም። ልጅቱ የአያቷን የከሰል ካውያ ከአልጋ ሥር አወጣች። ከሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስ አመዱን እያነሣ ነጩን ሸማ እንዳያቆሽሽባት ብላም በሩንና መስኮቱን ዘጋች።

መምህሩ ጋቢ ሊደርብ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተመለሰ። በሩን ሲከፍት ልጅቱ ከጠረጴዛው አጠገብ ወድቃ አገኛት፤ ካውያውም የጠረጴዛውን ብርድ ልብስ እያጤሰ ነበር። ተሸክሞ ወደ ደጅ አወጣት። ነፋሱ ፊቷን ሲመታት ከብዙ ቆይታ በኋላ ዐይኗን ገለጠች፤ ከዚያም አስታወካት። ስታየውም መጀመሪያ የተናገረችው፥ «ጋሼ፥ የእርስዎ አልቋል፤ የቀረው የእኔ ብቻ ነው» የሚል ነበረ።

በሐኪም ቤት ሌሊቱን ሙሉ ኦክሲጅን ሲሰጣት አደረ። ሐኪሙም ነገሩን አስረዱት። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፥ ቀለምም ሽታም የሌለው አየር ይወጣዋል። ይህም አየር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ከደም ጋር ስለሚጣበቅ፥ ሰው እየተነፈሰ ሳለ ትንፋሽ ያጣል። ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ ልጅቱ ባልነቃች ነበር አሉት። ያን ጊዜ የእናቱ ቃል ትዝ አለው። ካውያ ነፋስ ይወዳል ያሉት ስለ ከሰሉ ብቻ አልነበረም፤ ይህን ግን የተረዳው እናቱ ከሞቱ በኋላ ነው።

በማለዳ ወደ ቤት ተመልሶ ክፍሉን ተመለከተ። ኮቱ፥ ሸሚዙ፥ ሱሪውና ነጠላው በተራ በተራ ተተኩሰው በወንበር መደገፊያ ላይ ተሰቅለዋል። የልጅቱ ቀሚስ ግን እንደ ተጨማደደ በቅርጫት ውስጥ ነበረ። በዚያ ዓመት የጥምቀትን በዓል መምህሩ ያከበረው በሐኪም ቤት ወንበር ላይ ሆኖ ነው።

ልጅቱ በማግሥቱ ከሐኪም ቤት ስለምትወጣ፥ መብራት በተመለሰ ጊዜ ማታውን ተነሥቶ ቀሚሷን በገዛ እጁ ተኮሰ። በዕድሜው የመጀመሪያ ጊዜው ነበርና ጥለቱ አጠገብ የቃጠሎ ምልክት ጣለበት። በቃና ዘገሊላ ቀን ልጅቱ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ ከአጎቷ ጋር ቀስ እያለች ወጣች። ምልክቱን አይታ ፈገግ አለች እንጂ ምንም አልተናገረችም። እርሱም የሄደው ካደረበት ጋቢ ጋር ነበር። በሕዝቡ መካከል ወይባ የለበሱ መነኮሳት አለፉ፤ ልብሳቸው በእንቅልፍና በመንገድ የተጨማደደ ነበረ፤ ሕዝቡ ግን መስቀላቸውን ለመሳለም ይሽቀዳደም ነበር። ስለ መምህሩም ጋቢ የጠየቀ ሰው አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ መምህሩ ተቀምጦ አስቀድሞ ሊሠራው ይገባው የነበረውን ሒሳብ ሠራ። በሳምንት አምስት ሸሚዝ፥ እያንዳንዱ በ10 ደቂቃ፥ 50 ደቂቃ፤ ሁለት ሱሪ 20 ደቂቃ፤ ኮትና ነጠላ 20 ደቂቃ፤ ድምሩ 90 ደቂቃ። ይህ በ52 ሳምንት ሲበዛ 78 ሰዓት ይሆናል፤ ከሦስት ቀንና ከሦስት ሌሊት ይበልጣል። በሦስት ዓመት 234 ሰዓት ነው። አንሶላውና የትራስ ልብሱ ገና አልተቆጠረም። ልጅቱ በሒሳብ ወደ ኋላ የቀረችበትን ምክንያት ለማግኘት ሌላ መርማሪ አላስፈለገውም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ ባስተማረው በ50ኛው ድርሳኑ፥ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ ውስጥ በሐር ልብስ እያከበሩ፥ በደጅ በብርድና በዕርቃን ሲጎሳቆል ንቆ ማለፍ እንደማይገባ ገሥጿል። መምህሩ ይህን ትምህርት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ነበር፤ ስለ ባለጠጎች የተነገረ ይመስለው ነበር እንጂ ስለ አንድ ሸሚዝ ይሆናል ብሎ አላሰበም። ለእግዚአብሔር ቤት ያቀረበው ክብር በልጅቱ እንቅልፍና በትምህርቷ የተገዛ ነበረ። ባለ ዋጋዋ እርሷ ሳለች ምስጋናውን የሚቀበለው እርሱ ነበር።

ይሁን እንጂ ካውያውን አልጣለም። ጥፋቱ የብረቱ አልነበረምና። የሚተኮሰውንና የማይተኮሰውን ለየ። የጥጥ ክር ሴሉሎስ ከተባለ ነገር የተሠራ ነው፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ማሰሪያዎች በውኃና በሙቀት ይፈታሉ፥ ልብሱ በደረቀበትም ቅርጽ ዳግመኛ ይታሰራሉ። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ ጨምቆ የጣሉት ልብስ እንደ ተጨማደደ ይደርቃል፤ አራግፈው፥ በእጅ አቃንተው፥ ጠርዙን ስበው ያሰጡት ግን የካውያን ሥራ እኩሌታ በፀሐይ ያገኛል። አንሶላ፥ የቤት ልብስና ጋቢ በዚህ ይበቃቸዋል። የዘወትር ሱሪም አባቶች እንዳደረጉት ተጣጥፎ በፍራሽ ሥር ሲያድር ይቀናል። ካውያ የቀረላቸው ለቤተ ክርስቲያን፥ ለለቅሶና ለማስተማር የሚለበሱት ናቸው፤ እነዚህንም የሚተኩሳቸው ለባሹ ራሱ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ካውያው በደጅ ይነድዳል፤ ዝናብ ከሆነም ልብሱ ሳይተኮስ ይለበሳል።

አሁን ቅዳሜ ማታ መምህሩ የዕለቱን ዳዊት በቃሉ እያለ ልብሱን ይተኩሳል። ሥራው ከጸሎት ጋር ሲሄድ 90 ደቂቃው እንደ ቀድሞው የባከነ አይመስለውም፤ ለራሱ ሲደክም ደግሞ ሸሚዝ ማብዛቱን ተወና ጊዜው ወደ 50 ደቂቃ ወረደ። ልጅቱ በጠረጴዛው ማዶ ደብተሯን ዘርግታ ትሠራለች። «ጋሼ፥ ይኸኛው እንዴት ነው?» ባለችው ጊዜ ካውያውን በተረከዙ አቁሞ ወደ ደብተሯ ያጎነብሳል፤ እስክትረዳም ድረስ አይቸኩልም፤ ሸሚዙ እስከዚያ ይጠብቃል።

ልብስን መተኮስ ይገባልን ለሚል ሰው መልሱ በጨርቁ ላይ አይገኝም። ነጭ ለብሶ ወደ መቅደስ የሚሄድ ሁሉ ከደጁ ሳይወጣ አስቀድሞ ይህን ልብስ ያቀናችው እጅ የማን እንደ ሆነች፥ በምን ሰዓት እንደ ደከመች፥ የራሷስ ልብስ የት እንዳለ ይጠይቅ። መልሱ የማያሳፍረው ከሆነ ልብሱ ተገቢ ክብር ነው፤ የሚያሳፍረው ከሆነ ግን ጨማዶ መልበስ ይሻለዋል።