የተበጠሰው ክሩ ነው!

ጎበዝ፣ ሰሞኑን ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኜላችኋለሁ! አትሳቁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

እቤታችን ከአያቴ የወረደ ትልቅ የቫልቭ ሬዲዮ አለ። የአውሮፓ ሥሪት ስለሆነ መስታወቱ ላይ የከተሞች ስም ተጽፎበታል፤ ሎንዶን፣ ሮማ፣ ሉክሰምበርግ፣ ሂልቨርሱም…። ዶይቸ ቬለ በመጋቢት 1957 ዓ.ም. በአማርኛ ማሰራጨት ሲጀምር አባቴ ጎረምሳ ነበሩ። አያቴ ጎረቤቱን ሰብስበው በዚሁ ሬዲዮ ሲያዳምጡ ሻይ አቅራቢው እሳቸው እንደነበሩ ስንት ጊዜ ነግረውኛል መሰላችሁ!

አምና ታዲያ ማዞሪያው ቢዞር ቢዞር ጠቋሚው ሂልቨርሱም ላይ ተገትሮ ቀረ። ጠጋኝ ዘንድ ብወስደው፣ «እህቴ፣ የዚህ ዕቃ አይገኝም፤ ለጌጥ አስቀምጡት» ብሎ ሸኘኝ። አባቴ ምንም አላሉም። ማታ ማታ ግን ከፍተውት፣ ሹሽታውን ብቻ እየሰሙ አጠገቡ ይቀመጣሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔና አባቴም እንደ ሬዲዮው ነበርን። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ የጀመርኩትን የኮምፒውተር ትምህርት ሳቋርጥ፣ «አንቺ የጀመርሽውን ጨርሰሽ አታውቂም» አሉኝ። እኔም የማይባል ነገር መለስኩ። ከዚያ ወዲህ «እራት ቀርቧል» ከሚለው ያለፈ ወሬ አልነበረንም።

አንድ እሑድ ግን ካቻቢቴ ይዤ የኋላ ክዳኑን ፈታሁት። (አደራ! የቫልቭ ሬዲዮ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያሉት ኮንደንሰሮች አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። እኔ መጀመሪያ የሰፈራችንን ኤሌክትሪሽያን ለምኜ ነው ያስወጣሁት። እናንተም ያለ ባለሙያ እጃችሁን እንዳትሰዱ።)

ምን ባይ ጥሩ ነው? የተበጠሰው አንድ ክር ነው! ማዞሪያው በክር አማካይነት ትልቅ ፑሌጃ ያዞራል፤ ፑሌጃው ደግሞ ጣቢያ መራጩን ኮንደንሰር ያዞራል፤ እሱም ስስ የብረት ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው የሚገቡና የሚወጡ ዕቃ ነው። ጠቋሚውም እዚያው ክር ላይ ነው የተሰካው። ክሩ ሲበጠስ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ሬዲዮው የሞተ ይመስላል።

የክሩን መንገድ ወረቀት ላይ ስዬ ጀመርኩ። በልብስ ስፌት ክር ብሞክር ተለጥጦ ላላና ተንሸራተተ። ጠንካራ የተሸረበ ክር አመጣሁ፤ እሱን ደግሞ ከመጠን በላይ ወጥሬው ማዞሪያው አልዞርም አለ። «በቃ ይቅር» ልል ስል ያ የአባቴ ቃል ትዝ አለኝ። እልህ ያዘኝ። ችግሩ፣ ለዚህ ሥራ ሁለት እጅ አይበቃም። አንዱ ክሩን ዘንጉ ላይ ሦስት ጊዜ ሲጠመጥም ሌላው ጫፉን መያዝ አለበት።

«አባባ፣ እስቲ ይቺን ይያዙልኝ» አልኩ።

መነጽራቸውን አድርገው መጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግን አልለቀቁም። ጫፉን ሞላው ላይ ሳስር፣ «በጣም አትወጥሪው፤ ሞላው ይተንፍስ!» አሉኝ። በስንት ጊዜያቸው!

ቅጠሎቹ ሙሉ በሙሉ ሲገቡ ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ፣ ጠቋሚውን በዚያኛው ጫፍ አስተካክዬ ሰካሁት። ክዳኑን ገጥመን ማታ ከፈትነው። ሹሽታ… ሹሽታ… ከዚያ አንድ አረብኛ የሚናገር ሰው ጥርት ብሎ ገባ። ጠቋሚው ሂልቨርሱምን ጥሎ ሄደ!

አባቴ ማዞሪያውን ወዲያ ወዲህ አደረጉና፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ጨረስሽው» አሉ።

ያን ዕለት «እራት ቀርቧል» ብዬ ጠርቼያቸው እራቱ እስኪቀዘቅዝ ስናወራ አመሸን።

እና ውድ አንባቢያን፣ እቤታችሁ ዝም ያለ ነገር ካለ፣ ሬዲዮም ይሁን ሰው፣ «አበቃለት» ከማለታችሁ በፊት ክሩን እዩት። ጫፉን የሚይዝላችሁ ሰው መጥራትም አትፈሩ።

ቸር ያሰማን!